አረንጓዴ የተሰቀለ ቀን

መንደሩ መርፌ ይላታል። በስፌቷ ይሁን በምላሷ ለይቶ የነገራት የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ፊቷ ቆሞ በዚህ ስም የሚጠራት ግን ገና አልተወለደም። ፊት ለፊት «እትዬ» ነች፣ ዞር ስትል መርፌ። ፊደል አልቆጠረችም። «ባልቆጥርም ቆጣሪ ወልጃለሁ» ትላለች፤ ይህን ለማለት ደግሞ አጋጣሚ አትጠብቅም፣ ሽንኩርት ስታስመዝንም ትለዋለች።

እውነቷን ነው፤ ልጇ ቆጣሪ ነች። የምትቆጥረው ግን ሰው የማያየውን ነገር ነው፤ በአየር ላይ የሚበነውን የአበባ ብናኝ። ሙቀትና ወበቅ በማይለየው በዚህ ከተማ ብናኝ እረፍት የለውም። ዛፉ አብቦ ሲጨርስ ሣሩ ይቀጥላል፣ ሣሩ ሲያበቃ አረሙ ይነሣል። ጤነኛውን ቢበዛ ያስነጥሰዋል፤ አስም ያለበትን ግን ጉሮሮውን ያንቀዋል። ስለዚህ ልጇ ኮረብታው ላይ ባለው ጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ አንዲት ማሽን ተክላለች። ማሽኗ አፍ አላት፤ እንደ ዓሣም ጅራት አላት። ነፋስ ሲመጣ ጅራቷን እየገፋ አፏን ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ ውስጧ ቅባት የተቀባ መስታወት አለና ነፋሱ ይዞት የመጣው ሁሉ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት ልጇ መስታወቱን አውጥታ በማይክሮስኮፕ ታየዋለች፣ ሰማዩንም ታይና ቀኑ ምን እንደሚሆን ትተነብያለች። ከዚያ ጣሪያው ላይ በቆመው ምሰሶ ጨርቅ ትሰቅላለች። አረንጓዴ ከሆነ ውጡ፣ ተንፍሱ ነው። ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቀይ ከሆነ መስኮት ዝጉ፣ የታመመ ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን ያዙ። አንዴ የወጣ ጨርቅ እስኪመሽ አይወርድም።

ጨርቆቹን የሰፋችው መርፌ ነች። ዳር ዳራቸውን ሁለቴ ቀምቅማ፣ ነፋስ እንዳይቀዳቸው ጥጋቸውን በሸራ ደግፋ። ከወጥ ቤቷ መስኮት ይታያሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ይዛ መስኮቱ ጋ ታቆመዋለች። «ጨርቁ የኔ ነው፣ ቃሉ የልጄ ነው፤ ከተማው ሁሉ በኛ ቤት ነው የሚተነፍሰው።»

እቤታቸው ደግሞ መተንፈስ የሚያቅታት አንዲት አለች፤ የልጇ ልጅ፣ ሚጡ። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም። ሲነሣባት ደረቷ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይወጣል። ያኔ የሚያድናት በአፏ የምትስበው መድኃኒት ነው፤ ፓፍ ይሉታል። ፓፉ ከስፌት መኪናው ጎን፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ቢጫና ቀይ ቀን መርፌ ከልጅቷ ጋር እስከ ሱቅ እንኳ ብትወጣ ፓፉን ትይዛለች። አረንጓዴ ቀን ግን አትነካውም። ይህ የራሷ ሕግ ነው።

«እማዬ፣ የቀኑ ቀለም ምንም ይሁን ያዢው እንጂ» ትላታለች ልጇ። «ትንበያ ነው፤ ቃል ኪዳን አይደለም።»

«አንቺ አረንጓዴ ሰቅለሽ፣ እኔ እናትሽ ፓፍ ይዤ ልዙር? ልጄ ውሸታም ነች ብዬ በአደባባይ ላውጅብሽ?»

«ኪስሽን ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ።»

ነገሩ ግን ከኪስም አልፎ ነበር። ከድልድዩ ሥር ምንጣፍ የምታጥብ ሴት አለች፤ የሷም ልጅ አስም አለበት። ይህች ሴት አረንጓዴም ሆነ ቀይ፣ ፓፏ ከጡቷ መሀል ተለይቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሱቅ ወረፋ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ልጄን ለጨርቅ አደራ አልሰጥም» አለች። መርፌ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺ ምንጣፍሽን እጠቢ፤ ሰማዩን ለተማረ ተዪለት።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ የቀኙን አጥር፣ ሌላዋ የግራውን አጥር እያየች ነው የሚተላለፉት።

ታዲያ ሣሩ ያበበበት ሰሞን ነበር። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ደግሞ ቀይ። ሚጡ ቤት ተዘግታባት ከረመች። አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ የሰው ልጅ ሲጫወት ታያለች። ቀይ ግን ቀይ ነው፣ በሩ አይከፈትም።

አንድ ጠዋት መርፌ የመጋረጃ ጨርቅ ዘርግታ ክሩን በምራቋ እያሾለች ሳለ ልጅቷ ጮኸች።

«አያቴ! አረንጓዴ! አረንጓዴ ወጣ!»

መርፌ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ አየች። አረንጓዴ ነው፤ የገዛ እጇ ቅምቀማ። ደስታዋ ከሕፃኗ አላነሰም። መጋረጃውን እንዳለ ጣለችው፤ ያዘዘችው ሴት ብትቆጣ ትቆጣ። ስልኳን እንደተሰካ ስፌት መኪናው ላይ ተወችው። በመሳቢያው በኩል ስታልፍ እጇ ወደ እጀታው ሄዶ ነበር፤ ልማድ ነው። መለሰችው። «ምን ሆኛለሁ እኔ!» ብላ በሩን ቆለፈች።

«እትዬ፣ ተፈታችሁ እንዴ?» አላት ባለሱቁ።

«እኛን ልጄ ፈታችን። አንተን ከዚህ ባንኮኒ ማን እንደሚፈታህ እንጃ።»

«ባለቤቴ አልፈቀደችማ!»

«እሷስ ጎበዝ ነች። ወደ መስክ ነን፤ ጨርቁን ያየ ሁሉ ይውጣ በልልኝ።»

መስኩ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ወንዙን ተከትሎ የተዘረጋ ነው። ፋብሪካው ያን ቀን ሥራ አልነበረውም፤ ሰው አይታይም። ሣሩ ሚጡን እስከ ወገቧ ይውጣታል፤ ጫፉ ሁሉ ለስላሳ ጭራ አውጥቷል። ልጅቷ እንደተፈታች ጥጃ ዘላ ገባችበት። በሮጠች ቁጥር ከኋላዋ ቢጫ ጭስ የመሰለ ነገር ይነሣል። መርፌ አየችው። ማየቱንስ አየችው፤ አቧራ ነው ብላ ተወችው እንጂ። አረንጓዴ ቀን ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ልጅቷ አሳለች።

«ምራቅሽ ነው ያነቀሽ። አፍሽን ዘግተሽ ሩጪ።»

ዘግታ ሮጠች። ደግሞ አሳለች። መርፌ ቀና ብላ ወደ ኮረብታው አየች። ጨርቁ ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ይውለበለባል፤ አረንጓዴ። ልቧ መለስ አለ። ልጅቷ ዓይኗን ማሸት ጀመረች፤ «እጅሽ ቆሽሾ ነው፣ አትነካኪው» አለቻት። አፍንጫዋ ፈሰሰ፤ ከወንዙ የሚመጣው ቅዝቃዜ ነው አለች። ለሁሉም ምክንያት አላጣችም። ቤት ተዘግታ የከረመች ልጅ ብትሮጥ ይደክማት የለ? ይደክማታል እንጂ! አንድ ምክንያት ባገኘች ቁጥር ጥቂት ትረጋጋለች፤ ከዚያ ሳትፈልግ ጆሮዋ ይቆማል።

«ነይ እስኪ ተቀመጪ።»

ሚጡ መጣች እንጂ አልተቀመጠችም፤ የአያቷን ጉልበት ተደግፋ ቆመች። እንዲህ ያለ ልጅ መቀመጥ ሲጠላ ምን ማለት እንደሆነ መርፌ ታውቃለች። ጆሮዋን ደረቷ ላይ አደረገች። ከውስጥ፣ ከጥልቅ፣ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ያ ቀጭን ፉጨት።

«አያቴ ... ፓፉን ስጪኝ።»

«ዛሬ እኮ አረንጓዴ ነው የኔ እናት።»

«ደረቴ ግን አላየውም።»

መርፌ ዓይኗን ወደ ኮረብታው ወረወረች፣ ጨርቁ መጥቶ የሚያግዛት ይመስል።

ጨርቁ እየወረደ ነበር።

ቀን በቀትር ጨርቅ ሲወርድ አይታ አታውቅም። ምሰሶው ባዶውን ቀረ። ገመዱ ተበጥሶ ይሆናል አለች። ቅምቀማዬ ለቅቆ ይሆናል አለች፤ ዕድሜዋን በሙሉ በስፌቷ ስትኮራ የኖረች ሴት፣ ያን ጊዜ የገዛ ስፌቷ ተተርትሮ እንዲሆን ተመኘች። ከዚያ ቀዩ ወጣ። እስከ ጫፍ ወጣ፣ ነፋስም ነጠቀው።

ማን እንደሰቀለውና ለማን እንደተሰቀለ ገባት። ልጇ ደውላ ደውላ አጥታታለች፤ ስልኩ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ስፌት መኪናው ላይ ሲጮህ ታያት። ከሱ አጠገብ መሳቢያው። መሳቢያው ውስጥ ፓፉ።

ቤት አቀበት ነው። ጤና ጣቢያው ከቤትም በላይ ነው። የሚቀርበው ድልድዩ ነው፤ ከሥሩ ምንጣፍ በዱላ ሲመቱ ድምፁ ይሰማል፤ ድብ፣ ድብ፣ ድብ። ማንም ይሁን፣ ማንም፣ ከዚያች ሴት በቀር! ይህን ለማሰብ የወሰደባት አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ትንፋሹ ግን የልጅቷ ነበርና መሀል ላይ ተቋረጠ።

አዘለቻት።

«አትናገሪ፤ ተንፍሺ ብቻ» እያለች ራሷ ግን ዝም አላለችም። «ይኸው፣ ድልድዩ ይኸው። ደረስን የኔ እመቤት። ወይኔ እኔ ደንቆሮ! ኪሴ ውስጥ ብይዘው ምን ይከብደኝ ነበር? አትናገሪ ብዬሻለሁ!» ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። ትንፋሿ የመርፌን አንገት ይነካዋል፤ አጭርና ሞቃት ነው፣ በመሀል ይጠፋል። ሲጠፋ መርፌ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሲመለስ ትሮጣለች። ሩጫ ካሉት ነው፤ የጉልበቷ ነገር ከዓመታት በፊት ያከተመ ነው። ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልዞረችም።

ምንጣፍ አጣቢዋ የጎማ ቦት አድርጋ አረፋ መሀል ቆማለች። ቀና ብላ መርፌን ስታይ ፊቷ ሊቋጠር ጀመረ፤ ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለውን አየች።

«ልጅቷን ... ትንሽ ...» አለች መርፌ። ኩራቷን ዋጠችው። «ፓፍሽን። እባክሽ እህቴ፣ ፓፍሽን!»

ሴትዮዋ ወደ ሠራተኞቿ ዞራ «ዱላውን ጣሉት! አቧራ እንዳላይ!» ብላ ጮኸች። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ከጡቷ መሀል ፓፉን አወጣች፤ ከቅርጫቷ ደግሞ ቂጡ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ። መድኃኒቱ እንዳይባክን ፓፉን ቀዳዳው ላይ ሰክታ የጠርሙሱን አፍ የልጅቷ አፍ ላይ አደረገችው።

«ሳቢ የኔ ቆንጆ። ቀስ። ያዢው ... አውጪው። በድጋሚ።»

መርፌ ቆማ አየች። እጆቿ ሥራ ፈቱ፤ ሥራ ፈትተው የማያውቁ እጆች የት እንደሚቀመጡ ጠፋቸው። ፓፉ ይነፋል፣ ልጅቷ ትስባለች፣ ምንም የለም። ደግሞ ይነፋል፣ ምንም የለም። ሴትዮዋ ፓፉን ጆሮዋ ጋ አድርጋ አንቀጫቀጨችው። «አለው፣ አለው» አለች፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። እንደገና ነፋች። የልጅቷ ዓይኖች አያቷ ላይ ተተክለው ቀሩ፤ አይወቅሱም፣ ይጠብቃሉ እንጂ። ቢወቅሱ ይሻላት ነበር።

ከዚያ ያ በሚጡ ጆሮ ሥር የተሰቀለው ትከሻ ትንሽ ወረደ። ቆየት ብሎ ሌላ ትንሽ።

«ውኃ» አለች ሚጡ።

መርፌ የተዘረጋ ምንጣፍ ላይ ዘፍ አለች።

«ኧረ ተነሺ እትዬ፣ እሱ ታጥቦ ያለቀ ነው!»

«ቀሚሴ ከምንጣፍሽ ይነጻል» አለች መርፌ። ለማለት ያህል ነው ያለችው።

ሴትዮዋ ለልጅቷ ውኃ ሰጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ጠዋት አረንጓዴ አልነበር?»

መርፌ የፈራችው ጥያቄ መጣ። ለስድቡ ትከሻዋን አዘጋጀች። «ነበር። ተሳሳተች። አሁን አውርዳ ቀይ ሰቅላለች።»

ሴትዮዋ ከድልድዩ ሥር ብቅ ብላ በእጇ ዓይኗን ጋርዳ ወደ ኮረብታው አየች።

«ልጅሽ ራሷ ነች ያወረደችው?»

«ታዲያ ማን ሊያወርደው ኖሯል?»

«ከተማው ሁሉ እያየ?» ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «ሌላው ቢሆን እስኪመሽ ይተወው ነበር። ማን ያውቅበታል? ይቺ ግን ደፋር ነች።»

መርፌ ስድብ ቢመጣ የምትመልሰው አታጣም ነበር። ይህ ግን ስድብ አልነበረም። ቀሚሷን ይዛ አረፋውን መጭመቅ ጀመረች፤ ያልረጠበውንም ጨመቀችው።

ልጇ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ነጭ ጋውኗ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል፣ አንድ እጇ ፓፍ ጨብጧል። ወዴት እንደሄዱ የነገራት ባለሱቁ ነው። ሮጣ መጥታ ልጅቷን ደረቷን፣ ከንፈሯን፣ ጥፍሯን አየች። አይታ ስትጨርስ እዚያው ተቀመጠች፣ እናቷ ጎን፣ እርጥቡ ምንጣፍ ላይ።

«ገመድ ነው እማዬ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ትናንት ጣሪያው ላይ የውኃ ታንከር የሰቀሉ ሰዎች ገመዳቸውን የማሽኗ ጅራት ላይ አስረውት ሄደዋል። መዞር አልቻለችም፤ አፏ ግድግዳ ሲያይ ነው ያደረው። መስታወቱ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ... ደስ አለኝ። ሚጡ ዛሬ ትወጣለች አልኩ። ለምን ባዶ ሆነ ብዬ ወጥቼ አላየሁም። ዓይኔ ማሳከክ ሲጀምር ነው የወጣሁት።»

መርፌ ሚጡን ወደ ጭኗ ሳበቻት።

«ፓፉን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት» አለች ልጇ ቀስ ብላ።

እናትየዋም ልጅየዋም ወንዙን አዩ። ምንጣፍ አጣቢዋ ብሩሿን አንሥታ ሩቅ ሄደች፤ ሰው አፍሮ ሲቀመጥ ማየት የምትወድ ሴት አልነበረችም ለካ።

በማግስቱ ሱቅ ወረፋ ላይ ወሬው ተጀመረ። «እንዲህ አውርደው የሚሰቅሉ ከሆነማ ምኑን አመንነው?» አለ አንዱ። መርፌ መልስ ሳታዘጋጅ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«እኔ ከወረደ ወዲህ ነው ጨርቁን ማየት የጀመርኩት» አለች ምንጣፍ አጣቢዋ። «ፓፌን ግን አልጥልም።»

መርፌ ዞራ አየቻት። «እሱንስ ጡትሽ ውስጥ ስታበስዪው ነው የምትውዪው። ነይ እቤት፣ ልክሽን ልውሰድ።»

ለሴትዮዋ ዚፕ ያለው፣ ውኃ የማያስገባ የወገብ ኪስ ሰፋችላት። የሚጡን ቀሚሶች ደግሞ አንድ በአንድ አውጥታ ጎናቸው ላይ የፓፍ ልክ ኪስ ተከለችባቸው፤ የክት ልብሷ ላይ ሳይቀር። ልጇ ከሥራ ስትመጣ ቀሚሶቹን ወንበሩ ላይ ተደርድረው አገኘቻቸው። አንዱን ኪስ በጣቷ ከፈተች፣ ዘጋች። ስለ ሕጉ አልጠየቀችም፤ ሕጉ ፈርሶ ማየቷ በቃት።

ቀይና ቢጫው እንደገና ቀጠለ። ሣሩ እስኪጠወልግ ድረስ ሚጡ መስኮቱ ላይ ነበረች። አንድ ጠዋት ልጇ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ዛሬ አረንጓዴ ሳይሆን አይቀርም።»

«መጀመሪያ ውጪና ጅራቷን እያት።»

«አያታለሁ።»

«በእጅሽ አዙሪያት።»

«አዞራታለሁ እማዬ።»

ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴው ወጣ። ልጅቷ እንደ ድሮው አልጮኸችም፤ ዞራ አያቷን አየች። መርፌ ተነሣች። ስልኳን ነቅላ ጡቷ ውስጥ ከተተች፣ የሚጡን ኪስ ከላይ ዳሰሰች፣ ሁለት ጊዜ ዳሰሰች፣ በሩን ቆለፈች።

ባለሱቁ «ተፈታችሁ?» ሲላት «እንግዲህ» አለችው ብቻ።

መስኩ ላይ ልጅቷ ሮጠች። ሣሩ ደርቋል፤ ከኋላዋ ምንም አልተነሣም። ሣቋ ከፋብሪካው ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመለሳል። መርፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለወንዙ፣ ፊቷን ለኮረብታው ሰጥታ። አንድ ጆሮዋ ልጅቷ ዘንድ ነው። ጨርቁ እስኪመሽ አልወረደም። እሷም እስኪመሽ ዓይኗን አልነቀለችም።